የዝናብ ውሃን ከግቢ ለማስወጣት የትኛው ይሻላል? በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለሚሠሩና ለሚኖሩ የንጽጽር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለቡና ጀሞ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቡራዩ አዋሳኝ ድረስ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ብረቱ፣ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ቆርቆሮው ብዙ ይጨነቃል። የዝናብ ውሃው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ግቢው ሊነጠፍ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ግንበኛው «ቱቦ እንቅበር ወይስ ቦይ እናውጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱም የቀረውን ገንዘብ ወይም ጎረቤቱ ያደረገውን አይቶ ይመልሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መልስ በውሃው ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ ማገዝ ነው። ውሃ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ በምን ጊዜ ወደ ኋላ እንደሚመለስ የሚያጠናው፣ መሐንዲሶች ፍሉይድ ዳይናሚክስ የሚሉት ሳይንስ፣ ለአንድ ባለ 200 ካሬ ግቢ የሚያስፈልገው ስሌት በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ነውና ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

የማነጻጽራቸው አማራጮች አምስት ናቸው፤ ክፍት ቦይ፣ የተቀበረ ቱቦ፣ ውሃን ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ፣ ከጣራ የሚወርደውን የሚያጠራቅም ሮቶ፣ እንዲሁም ግቢን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ማድረግ። ነገር ግን ከአምስቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ ወደ ግቢው የሚመጣው ውሃ መጠንና ውሃው የሚወጣበት ቦታ ከፍታ። በእኔ እምነት አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እነዚህ ሁለቱ ሳይለኩ ወደ ዕቃ ግዢ በመሮጥ ነው።

የሚመጣው ውሃ ምን ያህል ነው?

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ስትሆን አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ ግቢን የሚያጥለቀልቀው የዓመቱ ድምር አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ወርዶ በሃያና በሠላሳ ደቂቃ የሚያበቃው ከባድ ዝናብ ነው። ለቤት ስሌት በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ኃይል የሚወርድ ዝናብን መነሻ አድርጎ መውሰድ ተገቢ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ማለት ዝናቡ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ለአሥር ደቂቃ እንኳ በዚያ ኃይል ቢወርድ ቦዩ ሊሸከመው ይገባል ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቦታውን ስፋት በዝናቡ ኃይል፣ እንደገናም ከዝናቡ ውስጥ ወደ ጎርፍ በሚለወጠው ክፍል ማባዛት ነው። ኤሚል ኩይችሊንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1889 ለከተማ ፍሳሽ ሥራ ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ዛሬም ለትንንሽ ቦታዎች ይሠራል። ቆርቆሮ ጣራና ሊሾ የሚቀበሉትን ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይለቃሉ፤ ስለዚህ ክፍሉን 0.9 እንውሰድ። ሙሉ በሙሉ የተነጠፈ ባለ 200 ካሬ ግቢ በዚያ ዝናብ በሰከንድ 5 ሊትር ውሃ ያመነጫል ማለት ነው፤ በየአራት ሰከንዱ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግቢው ውስጥ እንደመድፋት ይቆጠራል።

ይህ ግን የራስ ውሃ ብቻ ነው። ከላይ በኩል 2,000 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ገና ያልተነጠፈ ነገር ግን በዝናብ የጠገበ ተዳፋት ውሃውን ወደ እርስዎ አጥር የሚልክ ከሆነ፣ ክፍሉን 0.6 ብለን ብናሰላው በሰከንድ 33 ሊትር ይመጣል፤ የግቢዎን ውሃ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። የዳርቻው ችግር ዋና ምንጭ እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት ጤፍና ጓያ ይዘራበት የነበረ መስክ ዛሬ ጣራና ኮብልስቶን ሲሆን፣ መሬት ይጠጣው የነበረው ውሃ ሁሉ አንድ ላይና በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ከተማዋ የተቀመጠችበት አቀማመጥ ደግሞ ይህን ያብሰዋል፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው አቃቂ አካባቢ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በደቡብ ዳርቻ ያለ ሰው ሰማዩ በራሱ ላይ ጠርቶ ሳለ ከላይ በዘነበ ዝናብ ሊጥለቀለቅ ይችላል።

ከላይ የሚመጣውን ውሃ በግምት ከማሰላሰል በዝናብ ቀን ወጥቶ መለካት የተሻለ ነው። አሁን ውሃው በሚሄድበት ቦይ ዳር 10 ሜትር ይለኩ፤ ደረቅ እንጨት ወይም ቅጠል ጥለው ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይቁጠሩ። 8 ሰከንድ ከፈጀ የላይኛው ውሃ ፍጥነት 1.25 ሜትር በሰከንድ ነው። ከታችና ከጎን ያለው ውሃ በግጭት ስለሚዘገይ በ0.85 ያባዙት፤ ከዚያም በቦዩ ወርድና በውሃው ጥልቀት ያባዙ። ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 64 ሊትር ገደማ ያልፋል። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ እንዲህ የለካ ሰው ስለ ቦታው ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ያውቃል።

ክፍት ቦይ ወይስ የተቀበረ ቱቦ?

ይህ ንጽጽር ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቱቦን የዘመናዊነት፣ ክፍት ቦይን የድህነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። ውሃው ግን የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስሎፑን (የመተላለፊያውን ማዘንበል)፣ የመተላለፊያውን ሻካራነት፣ እንዲሁም የውሃው ስፋት ከሚነካው ግድግዳ ጋር ያለውን ምጥጥን። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ በዚያው በ1889 ያቀረበው ቀመር እነዚህን ሦስቱን አገናኝቶ ፍጥነቱን ይሰጣል። ከቀመሩ ውስጥ ለቤት ሠሪ የሚጠቅሙት ሁለት እውነቶች ናቸው። አንደኛ፣ ስሎፑ በአራት እጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ የሚጨምረው በሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የቱቦው ስፋት ግን እጅግ ኃይለኛ ነው፤ የቱቦ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ወደ ቁጥር እንምጣ። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 110 ፒቪሲ ቱቦ (የውጭ ዲያሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር የሆነው)፣ በየ10 ሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ከተቀበረ፣ ማለትም ስሎፑ አንድ በመቶ ከሆነ፣ ሞልቶ ሲሄድ በሰከንድ 6.8 ሊትር ገደማ ያወጣል። ይህ ለ200 ካሬ ግቢ የራስ ውሃ ይበቃል፤ ከላይ የሚመጣ ውሃ ካለ ግን በጭራሽ አይበቃም። ስሎፑ ወደ ግማሽ በመቶ ከወረደ 4.8 ሊትር ብቻ ያወጣል፤ የውሃው ፍጥነትም 0.56 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ውሃ አሸዋና ጭቃን ጠርጎ እንዲሄድ ቢያንስ 0.6 ሜትር በሰከንድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ እንዲህ ያለው ቱቦ ከጊዜ በኋላ በደለል መሞላቱ አይቀርም። ባለ 160 ቱቦ በአንድ በመቶ ስሎፕ 18.6 ሊትር ያወጣል፤ የዋጋው ልዩነት ከሚሰጠው አቅም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ ቱቦ ለመቅበር የቆረጠ ሰው ከ160 በታች ባይገዛ ጥሩ ነው።

አሁን ክፍት ቦይን እንመልከት። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይዞ በአንድ በመቶ ስሎፕ ሲሄድ በሰከንድ 78 ሊትር ያሳልፋል፤ ባለ 110 ቱቦ ከሚያወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቦዩ ካልተለሰነና አፈር ብቻ ከሆነ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሣር ከበቀለበት ደግሞ ወደ 23 ሊትር ይወርዳል። በተለሰነው ቦይ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ደለል ቢቀመጥና ለውሃው የቀረው ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን 31 ሊትር ገደማ ያሳልፋል፤ ማለትም ግማሽ ጥልቀት ሲጠፋ ከግማሽ በላይ አቅም ይጠፋል። ልዩነቱ ግን የቦይ ደለል በዓይን መታየቱና በአካፋ መውጣቱ ላይ ነው፤ የተቀበረ ቱቦ ውስጥ ያለውን ግን ውሃው ወደ ሳሎን እስኪገባ ድረስ የሚያየው የለም።

ይህን የምጽፈው በራሴ ግቢ ስላየሁት ነው። ቤቴን ስሠራ 14 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 110 ቱቦ ከጓሮ እስከ በሩ ተቀበረልኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የነበረው የከፍታ ልዩነት ግን 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሩ ምንም አልነገረኝም። በኋላ ሳሰላው ቱቦው አዲስ ሳለ እንኳ ከ3.6 ሊትር በሰከንድ በላይ ሊያወጣ አይችልም ነበር፤ ግቢው ደግሞ 5 ያመነጫል። የ1.4 ሊትር ጉድለት ትንሽ ይመስላል፤ በአሥር ደቂቃ ግን 840 ሊትር ይሆናል፤ በግቢው ዝቅተኛ ቦታ በ20 ካሬ ሜትር ላይ ሲተኛ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በሁለተኛው ክረምት ሊሾው ተፈንቅሎ ቱቦው ሲከፈት ሲሶው በደረቀ ጭቃ ተሞልቶ አገኘነው። በቦታው 25 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ በኮንክሪት ክዳን የተሸፈነ የተለሰነ ቦይ አሠራሁ። ስሎፑ ያው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ነገር ግን 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይዞ በሰከንድ 22 ሊትር ያሳልፋል። ሜዳማ መሬት ላይ ስሎፕ ከየትም ማምጣት አይቻልም፤ ስፋት ግን መስጠት ይቻላል።

ቱቦ የሚሻልበት ቦታም አለ። መኪና በሚያልፍበት በር ስር፣ ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ ወደ ቦይ ለማድረስ፣ እንዲሁም ስሎፑ ሁለት በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት ተዳፋት ቱቦ ጥሩ ነው። ያን ጊዜም ከመግቢያው በፊት አሸዋና ቅጠል የሚቀርበት ትንሽ ማንሆል ያስፈልጋል፤ የማንሆሉ ወለልም ከቱቦው አፍ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ብዙዎች የማያስቡት ሌላው ጉዳይ የመግቢያው አቅም ነው። በባለ 110 ቱቦ አፍ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ በቀዳዳው የሚገባው በሰከንድ 5 ሊትር ያህል ነው፤ ፍርግርጉ ወይም የተጠቀለለ ፌስታል ግማሹን ከዘጋው 2.5 ሊትር ብቻ ይገባል፤ ቱቦው ከውስጥ ባዶ ሆኖ ሳለ ግቢው ይሞላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ መግቢያ ከማድረግ በሁለትና በሦስት ቦታ መግቢያ መክፈት ይበጃል።

ክፍት ቦይ በገደላማ ቦታ ላይ የራሱ አደጋ አለው። በአምስት በመቶ ስሎፕ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በሰከንድ 2.3 ሜትር ይሮጣል። እንዲህ የሚሮጥ ውሃ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ግድግዳ ሲገጥመው የፍጥነቱ ጉልበት ወደ ከፍታ ይለወጣል፤ ከነበረበት 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊዘል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ቦይም ይወጣል። ከዚያም ከቦዩ ውጭ ያለውን አፈር መሸርሸር ይጀምራል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ የቦይ መታጠፊያ ሰፋ ባለ ቅስት መሠራት፣ የውጭው ግድግዳም ከፍ ማለት፣ ወለሉም በደረጃ መከፋፈል አለበት።

መውጫው ከሁሉም ይቀድማል

ቱቦም ሆነ ቦይ ውሃን የሚያወጣው የመውጫው ውሃ ከመግቢያው ውሃ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የመንገዱ ዲች፣ ማለትም የመንገድ ዳር ቦዩ፣ በዝናብ ሞልቶ የቱቦዎ አፍ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም፣ ቱቦው የተቀበረበት ስሎፕ መቆጠሩ ያበቃል፤ የሚቆጠረው በግቢዎ ባለው ውሃና በዲቹ ባለው ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ፍሰቱም ዜሮ ይሆናል፤ ዲቹ ከግቢው ከበለጠ ደግሞ የመንገዱ ጎርፍ በቱቦው ተመልሶ ይገባል። በዳርቻው ብዙ ቦታ መንገዱ ቤቶቹ ካለቁ በኋላ በገረጋንቲ ተሞልቶ ከፍ ስለሚል፣ ደህና ይሠራ የነበረ ቱቦ በአንድ ክረምት ዋጋ ቢስ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ምርጫ ከማድረግዎ በፊት ግንበኞች በሚጠቀሙበት፣ ውሃ በሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ በውሃ ልክ፣ ሦስት ከፍታዎችን ይለኩ፤ የቤቱን ወለል፣ የግቢውን ዝቅተኛ ቦታ፣ እንዲሁም ዲቹ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበትን መስመር። መስመሩ በዲቹ ግድግዳ ላይ በጭቃ ቀለም ይታወቃል። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ከዚያ መስመር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦይም ቱቦም ይሠራል። ልዩነቱ ከዚያ ካነሰ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት የመመለሻ መከላከያ ቫልቭ በመውጫው ላይ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ግን ቫልቩ ተዘግቶ በሚቆይበት ሰዓት የራስዎ ውሃ የት እንደሚጠራቀም መታሰብ አለበት። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ከመስመሩ በታች ከሆነ የትኛውም ቱቦ አያወጣዎትም።

የማስረጊያ ጉድጓድ፤ አፈሩ ይወስናል

ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይ ሞልቶ ውሃን ወደ መሬት ማስረግ መውጫ ለሌለው ሰው ማራኪ ሐሳብ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወርድ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ በድንጋይ ሲሞላ ለውሃ የሚቀረው ክፍት ቦታ 1.4 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በሰከንድ 5 ሊትር ሲገባበት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው አፈሩ በሚጠጣው ልክ ብቻ ነው።

በእንጦጦና በየካ ተራራ ስር ባለው ልል ቀይ አፈር፣ ውሃው በሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢሰርግ ያ ጉድጓድ በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ባዶ ይሆናል፤ ለነገው ዝናብ ይዘጋጃል። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ሜዳ ባለው ጥቁር ዋልካ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ውሃን የሚውጥ ይመስላል፤ በሰኔ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ መስረጉም በሰዓት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ጉድጓዱን ባዶ ለማድረግ ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ ደግሞ በየቀኑ ይዘንባል። ከዚህ የከፋው፣ ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚኮማተር በመሆኑ በቤት መሠረት አጠገብ ውሃ ማስረግ ግድግዳን ይሰነጥቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ይህን አማራጭ በጭራሽ አልመክርም። በቀይ አፈር ላይም ቢሆን ከቤቱ መሠረት 5 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ታንክም ራቅ ማለት አለበት፤ በ200 ካሬ ላይ ይህን ርቀት ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ለመሞከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አንድ ቀን ውሃ አጥግቦ፣ በማግሥቱ ሞልቶ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎደለ ይለካ፤ ልኬቱም በክረምት እንጂ በጥር አይሁን።

ሮቶ ጎርፍን ይቀንሳል?

መልሱ እንደ አያያዙ ነው። የ120 ካሬ ጣራ በከባዱ ዝናብ በሰከንድ 3 ሊትር ይለቃል፤ ባዶ የሆነ 5,000 ሊትር ሮቶ ይህን ለ27 ደቂቃ ሙሉ ይቀበላል፤ ይህም አብዛኛውን የከሰዓት ዝናብ ይሸፍናል። የግቢው ጎርፍም በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ችግሩ ሰው ሮቶውን ለውሃ ፈረቃ ብሎ ሞልቶ ማስቀመጡ ነው፤ የሞላ ሮቶ ለጎርፍ ምንም አይጠቅምም። ከ120 ካሬ ጣራ ላይ 46 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብቻ ይሞላዋል፤ በሐምሌ ይህ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

የሚሻለው መንገድ የሮቶውን የታችኛውን ግማሽ ለመጠቀሚያ፣ የላይኛውን ለጎርፍ መለየት ነው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነት በላዩ ባለው የውሃ ከፍታ ካሬ ሥር ይወሰናል። በሮቶው ወገብ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው መልቀቂያ ብናደርግ፣ በላዩ አንድ ሜትር ውሃ ሲኖር በሰከንድ 1.3 ሊትር ገደማ ይለቃል፤ ከፍታው እየቀነሰ ሲሄድም እየቀነሰ ይሄዳል። ጣራው የሚልከው 3 ሊትር ሆኖ የሚወጣው 1.3 ሲሆን ቦዩ እፎይ ይላል፤ ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላም የላይኛው ግማሽ ለቀጣዩ ዝናብ ባዶ ይሆናል። ይህ ዘዴ በዳርቻው ቢስፋፋ ለታችኛው ሰፈር ሁሉ ጥቅም አለው ብዬ ከልብ አምናለሁ፤ የአንድ መንደር መቶ ቤት ውሃውን በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ የመንገዱ ዲች አይሞላም።

ግቢን ከፍ ማድረግና አጥር

ገረጋንቲ አስገብቶ ግቢን ከፍ ማድረግ ውሃውን ከራስ ላይ ያስወግዳል፤ ውሃው ግን አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ጎረቤት ላይ ይጨመራል። ጎረቤትም በተራው ሲሞላ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። የሠፈሩ ሰው በእድር ተነጋግሮ አንድ የጋራ ቦይ ቢያወጣ ሁሉም በየግሉ ለሙሌት ከሚያወጣው ወጪ ያነሰ ይፈጃል። የቤቱን ወለል ብቻ ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መሥራት ግን ማንንም አይጎዳም፤ ለአዲስ ቤት ይህን ሁልጊዜ እመክራለሁ።

አጥርን በተመለከተ፣ ጎርፍን በግንብ ለማገድ የሚያስብ ሰው የውሃን ግፊት ይገምት። ከአጥር ጀርባ 50 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢቆም በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 125 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋል፤ አንድ ሜትር ቢቆም ግን 250 አይሆንም፤ 500 ይሆናል። ለ10 ሜትር አጥር ይህ 5 ቶን ነው። የብሎኬት አጥር ኮለን ሳይኖረው ይህን አይችልም፤ ሲወድቅም በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው፤ ከጀርባው ያለው ሰው ወይም ልጅ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከላይ ውሃ በሚመጣበት በኩል ያለው አጥር ከሥሩ ክፍት ቦታ ሊተውለት ይገባል። 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክፍተት 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲቆምበት በሰከንድ 26 ሊትር ገደማ ያሳልፋል፤ ይህን ውሃ ግቢ ውስጥ ተቀብሎ ወደ ሌላው ወገን የሚያሻግር ቦይ ካለ አጥሩም ቤቱም ይተርፋሉ።

ስሌቱን በእጅ ወይስ በሶፍትዌር?

ለአንድ ግቢ ከላይ ያየናቸው ስሌቶች ይበቃሉ። ለሠፈር ወይም ለማኅበር ቤቶች የጋራ ቦይ ሲታቀድ ግን በነጻ የሚገኘውና የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም የሚያሰራጨው ስዊም (SWMM) የተባለው ፕሮግራም ጠቃሚ ነው፤ ዝናቡ በየደቂቃው ሲቀያየርና ቱቦው ወደ ኋላ ሲመልስ ያሳያል። ቤቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ሄክ ራስ (HEC-RAS) የተባለው ፕሮግራም ይሻላል፤ እሱንም ውሃ መሐንዲስ ሊሠራው ይገባል። የውሃን እያንዳንዱን ሽክርክሪት የሚያሰሉት ከባድ ፕሮግራሞች ለቤት ጉዳይ አያስፈልጉም፤ የመሬቱ ከፍታ በ10 ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ ከተለካ የትኛውም ፕሮግራም አያድንም።

እንደየቦታው የምመርጠው

ተዳፋት ላይ፣ በየካ ተራራ ስር ወይም ወደ ሱሉልታ በሚወጣው አቅጣጫ፣ ቀዳሚው ሥራ ከቤቱ በላይ በኩል ውሃውን ቀድሞ የሚይዝና ዞሮ የሚያወርድ የተለሰነ ቦይ ነው። በዚያ ቦታ ስሎፕ ስላለ ባለ 160 ቱቦም ይሠራል፤ አፈሩ ቀይ ከሆነና ቦታው ከተገኘም የማስረጊያ ጉድጓድ ለጣራ ውሃ ይጨመራል።

በሜዳማው ዋልካ ላይ፣ በአቃቂ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ፣ ሰፊና ክዳን ያለው ቦይ፣ ከፍ ያለ የቤት ወለል፣ እንዲሁም ወገቡ ላይ መልቀቂያ ያለው ሮቶ አንድ ላይ ይመረጣሉ። መውጫው ከዲቹ የጎርፍ መስመር ጋር ከተቀራረበ ቫልቭ ይታከላል። የማስረጊያ ጉድጓድና ቀጭን ቱቦ እዚህ ገንዘብ ማባከን ናቸው። በለቡና በጀሞ አካባቢ ሁለቱም ዓይነት መሬት ስለሚገኝ አፈሩን ቆፍሮ ማየት ይቀድማል።

በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወይም በገባሮቻቸው ዳር ለሆነ ቦታ ግን ከአምስቱ አማራጮች አንዱም አይበቃም፤ እዚያ ከፍታውን የሚወስነው ወንዙ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰው ሕይወት የጠፋበት ጎርፍ ውሃ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል አሳይቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ሊገዛ ያሰበ ሰው ቦታውን በጥር ፀሐይ አይቶ አይወስን፤ ቢቻል በነሐሴ ከዝናብ በኋላ ይሂድ። ካልሆነም በአቅራቢያው ያሉ ግድግዳዎች ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ይፈልግ፤ በሠፈሩ ረጅም ጊዜ የኖሩ ሁለት አባወራዎችን ለየብቻ «ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም በውሃ ልክ ያንን መስመር ወደ ቦታው አሻግሮ ይለካ። መስመሩ ሊሠራ ከታሰበው የቤት ወለል በላይ ከዋለ ቀብድ ሳይከፍል ሌላ ቦታ ይፈልግ።